ጫፍ የሌለው ጋቢ

ባሌ ይሄነው ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለ እሱ ደግ ነገር ስለማልናገር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው ኖሬያለሁ፤ ሲሰርቅ አልተያዘም፣ ጠጥቶ አልደበደበኝም፣ ሰው ሲሰድብም ሰምቼው አላውቅም። ጉዱ አንድ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት አፉን መክፈት አይችልም። እቤት ለእኔ ሲያወራ ዳኛ ነው፣ ጠበቃ ነው፣ ሁሉም ነው። ወይራው ሥር ቅሬ ሲቀመጥ ግን ምላሱን ለእኔ አደራ ሰጥቶኝ የሄደ ይመስላል። የእርሻ ጓደኛው አያ አለኸኝ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የተማመነው በዚህ ሰው አፍ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሌላ አፍ አልነበረውማ።

ቅሬ ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት አባሉ በሙሉ ይወጣል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያበላል። ቅሬ የሌለው ሰው ሲሞት ጅብ ይቀብረዋል ይባላል። አያ አለኸኝ ከዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ቅሬ ገብቶ ሰው እንዲቀብረው። ሀብት አልለመነ፣ ሚስት አልለመነ።

ከእኛ ሰፈር ወረድ ብሎ ገደሉ ጫፍ ላይ ያለችውን ጎጥ ከሰል አፋፍ እንላታለን። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፤ እነሱ ምን ብለው እንደሚጠሯት የጠየቀ የለም። ድሮ ነዋሪዎቿ በሙሉ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። እርግጥ ቤተ እስራኤል የሚለውን ቃል የሰማነው በኋላ በሬዲዮ ነው። እኛ ስናውቃቸው ፈላሻ፣ ጠይብ፣ ሲመሽ ደግሞ ቡዳ ነበር የምንላቸው። ወንዶቹ አራሽም ቀጥቃጭም ናቸው፣ ሴቶቹ ገንቦና ድስት ይሠራሉ። በንጉሡ ጊዜ መሬቱ የባላባት ነበርና ጢሰኛ ሆነው ያርሱ ነበር። የተሰጣቸውም ድንጋዩ ከአፈሩ የሚበልጥ መሬት ነው፤ ካመረቱት ላይ ባላባቱ ወስዶ የተረፈው ዓመት ስለማያደርስ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ደርግ መሬት ላራሹ ሲል እንደ ሰው ደረሳቸው። ያኔ ሰው ሆነው ተቆጠሩ ይላሉ የሚያውቁ። እኔ ግን ለዚህ አልምልም።

መቼም አገሩ የሚበላው በእነሱ እጅ ነበር። ማረሻው የእነሱ፣ ማጭዱ የእነሱ፣ ምሳሩ የእነሱ፣ ወጡ የሚወጠወጥበት ድስት የእነሱ። ሰኔ ሲቃረብ ገበሬው ሁሉ የዶለዶመ ማረሻውን ተሸክሞ ከሰል አፋፍ ይወርዳል። የድካማቸውን እህል መሬት ላይ ያስቀምጥላቸዋል፣ እነሱም ከመሬት ያነሳሉ፤ እጅ ለእጅ አይነካኩም። እኛ እየተጸየፍናቸው ስንኮራ ለካ እነሱም ይጸየፉናል። ድንገት ከነካናቸው ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። ይህን ያወቅሁ ዕለት እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። የምትንቀው ሰው ሲንቅህ የሚያንገበግበውን ያህል ሌላ ነገር አያንገበግብም።

አያ አለኸኝና ይሄነው መቀናጆ ነበሩ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ባንድ ቀንበር ጠምደው፣ ዛሬ ያንተን ነገ የእኔን እየተባባሉ ተራ በተራ ሲያርሱ መቀናጆ ይባላል። የእኛ በሬ ቡሬ፣ የሱ ጉራቻ። በሬ ሲያረጅና ሲቀየር ስሙን ለተተኪው እናወርሰው ነበርና እስከ መጨረሻው ቡሬና ጉራቻ ናቸው።

እንደነዚያ በሬዎች የተከበረ ፍጡር ወሎ ቦረና ውስጥ አልነበረም። ቅዳሜ በአያ አለኸኝ ሰንበት ያርፋሉ። እሁድ በእኛ ሰንበት ያርፋሉ። ሚካኤልን ያርፋሉ፣ ማርያምን ያርፋሉ፣ ባለወልድን ያርፋሉ። በመካከሉ ደግሞ አያ አለኸኝ ስሙን የማናውቀው አንድ በዓል ከየትም አምጥቶ ያሳርፋቸዋል። ጎረቤታችን ፋሩቅ አንድ ዓመት በሬው ሞቶበት በመቀናጆው ልግባ ብሎ ሲለምን ይሄነው እንቢ ያለው፣ ዓርብም እንዳይጨመር ፈርቶ ነው። ፋሩቅ እስከ ዛሬ፣ የእናንተ በሬዎች ወላሂ ጀነት ይገባሉ፣ ከቄሱም ከሸሁም በላይ ሃይማኖተኞች ናቸው እያለ ይስቅብናል። አገር ዘርቶ ሲጨርስ እኛ ገና ስንገለብጥ ነበር የምንገኘው።

ታዲያ ይህ ሰው ከወገኖቹ ተለይቶ ለምን ቀረ? በሰማንያ ሦስት፣ አዲስ አበባ ለደረሰ ሁሉ እስራኤል አውሮፕላን ይልካል የሚል ወሬ መጣ። ከሰል አፋፍ ባንድ ሳምንት ተራገፈች። እናቱ፣ ወንድሞቹ፣ የታጨችለት የኔአለም፣ ሁሉም ጓዛቸውን አስረው ወጡ። ያን ጊዜ ግንቦት ነው። የአያ አለኸኝ መሬት ታርሶ አልቋል፣ የእኛ ተራ ገና ነው። የሰው ተራ በልቼ ኢየሩሳሌም አልገባም አለ። የይሄነውን ጨርሼ እደርስባችኋለሁ ብሎ እናቱን እስከ መንገዱ ሸኝቶ ተመለሰ።

ይሄነው ያን ጊዜ፣ ተወው ወንድሜ፣ ሂድ ሊለው ይችል ነበር። አላለውም። ለምን አላልከውም ብዬ በየዓመቱ እጠይቀዋለሁ፤ በየዓመቱ፣ ግንቦት ነበር እኮ ይለኛል።

መሬታችን ታርሶ ሲያልቅ አያ አለኸኝ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና እየሄደ አዲስ አበባ ገባ። አውሮፕላኖቹ መጥተው፣ ሕዝቡን አንስተው፣ ሄደዋል። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ባንድ አዳር ተጭኖ አልቆ ባዶ ሜዳ ጠበቀው። ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ በራችን ላይ ቆመ። እግሩ አብጧል፣ ዓይኑ ገብቷል። እኔ ምን ልበለው ብዬ ስጨነቅ ባሌ ተነሳና፣ ምን አለው መሰላችሁ?

"ጉራቻ ደህና ነው" አለው።

አያ አለኸኝም አመሰገነ። በማግሥቱ ጠመዱ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። ዘመዶቹ ከዚያ ሆነው ጠየቁለት፣ እሱም ከዚህ አመለከተ። እዚህ ቢሮ ሲሄድ እዚያ ሂድ፣ እዚያ ሲሄድ ምስክር አምጣ። ስለ አይሁድነቱ ይመሰክሩለት የነበሩት ሁሉ አውሮፕላን ላይ ናቸው። እኛ ደግሞ ቡዳ ለመሆኑ እንጂ አይሁድ ለመሆኑ ለመመስከር ማን ጠይቆን ያውቃል? የኔአለም እዚያ አገባች፣ ወለደች፣ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች አሉ። እሱ ሌላ አላገባም። ከወገኑ ሴት አልቀረችም፣ ከእኛ ደግሞ ማን ትሰጠው። በመጨረሻ ማመልከቱን ተወውና ማረሱን ብቻ ያዘ። የእናቱና የወንድሞቹ መሬት መንግሥት መሬት ሲያሸጋሽግ ለሌላ ታደለ፤ ወንዝ ዳር ያለችው አንዷ ለም ቁራጭ የደረሰችው ለአባ ገበየሁ ነው። አባ ገበየሁን ያዙልኝ፣ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው።

መንግሥትም አልረሳውም፣ ውሸት አልናገርም። አንድ ጊዜ የዚህን መንደር ታሪክና ኢኮኖሚ እናጠናለን የሚሉ ሰዎች መኪና ይዘው መጡ። በመንደሩ ስንት አባወራ አለ ብለው ጠየቁ። አንድ ነው አልናቸው። ዋና የገቢ ምንጩ ምንድነው አሉ። ማረሻችሁን መሳል ነው አላቸው እሱ። ብረት ሲቀጠቅጥ ፎቶ አነሱት፣ ጋቢህን አስተካክል አሉት፣ አቅፈውትም ተነሱ። ሲሄዱ ወንዝ ወርዶ ታጠበ። ብዙም ሳይቆይ "ጥንታዊው የቤተ እስራኤላውያን መንደር" የሚል ትልቅ ቆርቆሮ በብረት እግር አቆሙለት። ነፋስ የጣለው በመጀመሪያው በጋ ነው። አያ አለኸኝ ቆርቆሮውን አንስቶ የሚያፈሰውን የመቀጥቀጫ ጎጆውን ጣሪያ ደፈነበት። ስንመጣ አንጋጠን እናነበው ነበር። ጥናቱ ከጠቀመው ነገር ይኸው አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጋቢው ልምጣ። ትልቋ ልጄ በሕፃንነቷ ሆዷን ታመመችና አማቴ ቡዳ በልቷታል አሉ። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው፣ የበላተኛው ልብስ ተቆርጦ ሲታጠንበት ነው ይባላል። በላተኛው ማን እንደሆነ መቼም ጥያቄ አልነበረውም። ይሄነው ምን አደረገ? ቀኑን ሙሉ አብሮት ሲያርስ ዋለ። አያ አለኸኝ ጋቢውን ድንጋይ ላይ ጥሎ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ፣ ሹልክ ብሎ ጫፏን በማጭድ ቁርጥ አደረጋት። ማጭዱም እኮ የሱ ሥራ ነው። አጠንናት፣ ልጅቱም ተሻላት። ከጤና ጣቢያ አምጥቼ ያጠጣኋትን መድኃኒት ግን ማንም አያስታውሰውም።

ይሄነው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አገሩ ሁሉ ይቆርጥበታል። የላም ወተት ሲጠፋ ይቆርጡበታል፣ ሙሽራ ሲያስመልሳት ይቆርጡበታል፣ ተማሪ ፈተና ሲወድቅ ሳይቀር ቆርጠውበታል። ማረሻ ሊያስል የመጣ ሰው ቁራጭ ሳይዝ አይሄድም። ጋቢው ከዓመት ዓመት እያጠረ ሄዶ ኋላ ላይ ትከሻ እንጂ ጉልበት አይሸፍንም ነበር። አንድ ጠዋት ብወርድ የጎጆው በር ላይ አሮጌ ጨርቅ ተሰቅሎ አየሁ። ይሄ ደግሞ ምንድነው አልኩት።

"ለሚቆርጥ ሰው ነው" አለኝ፣ ስሜን ጠርቶ። "ብርድ ገደለኝ እኮ፣ ንግሥቴ።"

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ቤቴ ስደርስ ግን ይሄነውን ያለ ምንም ምክንያት ቀኑን ሙሉ ስነዘንዘው ዋልኩ። ምክንያቱን ያውቀዋል።

አያ አለኸኝ ቅሬ ልግባ ብሎ መጠየቅ የጀመረው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነው። ሳል ጀመረው፣ ወናፍ ሲነፋ ትንፋሹ ያጥረዋል። ወገኖቹ እያሉ እርስ በርሳቸው ይቀባበሩ ነበር፤ አሁን እሱ ቢሞት ማን ያነሳዋል? እኛ ቤት በር ላይ እንደ ልማዱ ሳይገባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ይሄነውን ጠየቀው። ያን ቀን ያለውን አልረሳውም።

"ለአንተ ተራ ብዬ ካገሬ ቀርቻለሁ፣ ይሄነው። ከቅሬም ልቅር? አንድ ቀን ተናገርልኝ። ስሞት ሰው ይቅበረኝ፣ በሰንበቴ ብቻ አትቅበሩኝ። ሌላ አልፈልግም።"

ይሄነው ምድርና ሰማይ ጠርቶ ማለ። ሲምል ብታዩት ያን ቀን አባ ገበየሁን አንገታቸውን ይዞ የሚያመጣቸው ነበር የሚመስለው።

ቅሬው ወይራው ሥር ተቀመጠ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ አዳምጣለሁ። ይሄነው አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁለተኛ ጠረገ፣ ከዚያ የበግ ዋጋ ውድ ሆነ አለ። ወላዲቱን፣ የበግ ዋጋ። ነገሩን ያነሳው ፋሩቅ ነው፤ እሱም ቢሆን ለጨዋታ ያህል ነው ያነሳው። አባ ገበየሁ ወዲያው መልስ ነበራቸው። የቅሬ አባል በማንኛውም ቀን ይቆፍራል፣ ቅዳሜ ሰው ቢሞት እሱ ይቆፍራል ወይ አሉ። አያ አለኸኝ ተጠየቀ፤ ቅዳሜ አልቆፍርም፣ ሌላውን ቀን ግን የሁለት ሰው እቆፍራለሁ አለ። አይሆንም ተባለ። እኛስ በበዓላችን ጥጃ አናስርም እያልን ስንቱን ቀን እናርፋለን፣ ያ ግን በዓል ነው፣ የሱ ግን ስንፍና ነው።

በዓመቱ እንደገና ተጠየቀ። ይሄነው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ ዝናቡ ተናገረ። አባ ገበየሁ አሁን ደግሞ ከለቀስተኛ ጋር አብሮ የማይበላ ሰው እንዴት አባል ይሆናል አሉ። እውነት ነው፣ አያ አለኸኝ የእኛን እንጀራ አይበላም፤ ለቅሶ ሲመጣ የራሱን ቆሎ በኪሱ ይዞ ነው። ግን እኮ ክርስቲያኑም የእስላሙን ሥጋ አይበላም፣ እስላሙም የክርስቲያኑን፤ ቅሬያችን ሁለት ድስት ጥዶ ነው የኖረው። ሦስተኛ ድስት መጣድ አቅቶን አይደለም። ነገሩ ሌላ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። አያ አለኸኝ የቅሬ ሰው ከሆነ ያገር ሰው ነው፤ ያገር ሰው ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ብድግ ብሎ የእናቴ መሬት ወንዝ ዳር ነበረች ሊል ይችላል። እሱ እንደዚህ ያለ ነገር አስቦም አያውቅ። አባ ገበየሁ ግን በየሌሊቱ ያስቡለት ነበር።

አጃኢቡ ምን መሰላችሁ፣ የቅሬው ዶማ፣ አካፋ፣ ምሳር በሙሉ የአያ አለኸኝ ሥራ ነው። አገሩ ድንጋይ ነውና ዶማ አንድ ሰው ከቀበረ በኋላ ይዶለዱማል። በየቀብሩ ማግሥት አባ ገበየሁ ዶማውን ይልኩለታል፣ እሱ ይስለዋል። ክርስቲያኑ በሱ ዶማ ተቀበረ፣ እስላሙ በሱ ዶማ ተቀበረ። ቡዳ የሠራው ዶማ ቅዱስ መሬት ቢቆፍር ማንንም አላሳሰበም። ዕቃውም የሚቀመጠው እኛ ጎተራ ነው። የተመረጥነው ይሄነው ከማንም ጋር ስለማይከራከር ነው።

በዚህ ክረምት ማብቂያ ላይ አያ አለኸኝ ወደቀ። አጥሚት ወስጄለት ነበር፤ ዕቃዬን እንደማይነካ ስለማውቅ በራሱ ሸክላ ነው የሠራሁለት። ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሞተ። ይሄነው አጠገቡ ነበር። ሲያስጨንቀው እጁን ያዘውና አያ አለኸኝ አልሸሸም፣ እንታጠባለን አለና ፈገግ አለ። ይህን የነገረኝ ይሄነው ነው፤ ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር። አልቅስ፣ ይበልህ አልኩት።

እኔ መቼም ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ግን ቅሬው እንዳለ ግቢያችን ሞልቶ አገኘሁት። አባ ገበየሁ ኩታቸውን አጣፍተው ከፊት ቆመዋል። ልቤ ራራ፤ ሰው እኮ ሰው ነው አልኩ። ኋላ ስሰማ ለካ የመጡት ፈርተው ነው። ቡዳ ሳይቀበር ከዋለ ጅብ ሆኖ ይነሳል፣ ቶሎ ጉድጓድ መግባት አለበት ተባብለው ነው። ኻያ ሠላሳ ጎልማሳ አንድ ምስኪን ሬሳ ፈርቶ ከእንቅልፉ ተነሳ። አባ ገበየሁ ዶማውን አውጡ አሉ። ይሄነው የጎተራውን ቁልፍ ይዞ ተነሳ። እንኳን እምቢ ሊል፣ መሮጥ ነው የቀረው።

ቁልፉን ከእጁ ነጠቅሁና ጡቴ ሥር ከተትኩት። ከዚያ የሚያወጣ ወንድ ቅሬው ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው" አልኳቸው።

አባ ገበየሁ አላመኑም። ሴት በወንድ ጉባኤ መሐል ስትናገር መስማታቸውን ነው ያላመኑት። ቀስ ብለው፣ ልጄ፣ ሰውየው እኮ የቅሬው አባል አይደለም፣ ስለ ሰንበቱ ምን አገባን አሉኝ።

"አባል ካልሆነ የቅሬው ዶማ ምን አገባው? ደንባችሁ ለአባል ብቻ ነው ይላል፤ ሂዱ፣ በየቤታችሁ ተኙ። አባል ነው ካላችሁ ደግሞ አባል የሚቀበረው በሃይማኖቱ ነው፤ እስከ ነገ ትጠብቃላችሁ። አንዱን ይምረጡ፣ አባ ገበየሁ።"

ፋሩቅ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አባ ገበየሁ ወደ ከሰል አፋፍ አየት አደረጉ፣ ወደ እኔ አየት አደረጉ፤ ከጅቡና ከእኔ ማንኛችን እንደምንብስ ሲያመዛዝኑ ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ አፋቸው ውስጥ የገባች አጥንት እንደሚተፉ ሆነው፣ አባል ነው በሉ እንግዲህ አሉ። ሌላውም አባል ነው፣ አባል ነው አለ። ሁሉም ብሎ ሲያበቃ፣ ባሌ ይሄነው ጉሮሮውን ጠረገና፣ እኔም አባል ነው እላለሁ አለ። ይህን ቃል አያ አለኸኝ በቁሙ ቢሰማ ዓለሙ ነበር። ደረሰለት፣ ምን ያደርጋል፣ ከሞተ በኋላ ደረሰለት።

ቅዳሜን ሙሉ ቅሬው በሬሳው ዙሪያ ተቀምጦ ጠበቀ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ አላህ ይወቀው። እሁድ ጠዋት ቁልፉን አወጣሁ። ከፈኑን ፋሩቅ ከሱቁ አመጣ። የአባቶቹ መቃብር ላይ፣ ከሰል አፋፍ ጫፍ፣ መቆፈር ተጀመረ። እንዴት እንደሚተኛ ክርክር ተነሳ፤ ክርስቲያኑ በዚህ ይሁን አለ፣ እስላሙ በዚያ። ይሄነው፣ አያ አለኸኝ ሲጸልይ የሚቆመው ወደ ሰሜን ዞሮ ነበር አለ። ሠላሳ ዓመት ባንድ ቀንበር ሲሄድ አይቶት ኖሯል ለካ። እንደዚያው አደረጉት።

ለእነዚያ ሰዎች መቼም አፈር ተሰጥቷቸው አያውቅም፣ መቃብራቸውም አለት ነው። ዶማው ሁሉ እዚያ ዶለዶመ። የሚስለው ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅሬው ከመካነ ሰላም ገበያ አዲስ ዶማ ገዛ፤ በመጀመሪያው ቀብር እንደ ማንኪያ ታጠፈ። አባ ገበየሁ እያረጁ ነውና አሁን ጎተራችን እየመጡ ዶማውን በጣታቸው እየዳሰሱ ይመለሳሉ። አብሽሩ እላቸዋለሁ፣ ጉድጓድዎ ጠለቅ ባይልም ይበቃዎታል።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአባ ገበየሁ የልጅ ልጅ ሆዱን ታመመ። ቡዳ ነው ተባለ። የትኛው ቡዳ? የነበረን አንድ ነበር፣ እሱንም በገዛ እጃችን አባል አድርገን ቀብረነዋል። ሰዉ ግራ ገባው። ቡዳ የሌለው አገር ደግሞ እንዴት ይኖራል፣ ልጅ ሲታመም ማን ይያዝ? ዙሪያውን ሲያዩ ዓይናቸው አንድ ሰው ላይ ወደቀ። ሠላሳ ዓመት አብሮት የጠመደ፣ ሲሞት እጁን የያዘ፣ ጉራቻንም የወረሰ። ቡዳነት በቀንበር ይተላለፋል ተባለ። ይህን በአገራችን ማንም ብሎት አያውቅም ነበር፤ ባንድ ሳምንት ግን ከአባቶቻችን የሰማነው ሆነ።

ባለፈው ከቅሬ ሲመለስ ይሄነው መደቡ ላይ ተቀመጠና ጋቢውን አውልቆ ጭኑ ላይ ዘረጋው። ጫፉ የለም። በማጭድ፣ ቁርጥ ተደርጎ ተወስዷል። አቆራረጡን አወቅሁት።

"ንግሥቴ፣ እኔ ምን አደረግሁ?" አለኝ።

ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ሂድና ወይራው ሥር ተናገር፣ ቡዳ አይደለሁም በል፣ እሱም አልነበረም በል አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ። ነገ አለኝ። ነገው አልፎ ሌላ ሳምንት ሆነ፤ ትናንት ደግሞ በሌላው ጫፍ ተቆርጦ መጣ። ብርዱ እየገባ ነው። ዛሬ ጠዋት አሮጌ ቀሚሴን ቀደድኩና በራችን ላይ ሰቀልኩት።